ለበረዶው ስልክ ባለድምፅ፣ ስለ አሥራ ሦስቱ ቀናት

ላስ ቬጋስ፣ ማርች 9 ቀን 1998

ለክቡር ሚስተር ራንዲ
በዋይት ሆሎው የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራ የበረዶ ሁኔታ መግለጫ ስልክ ኃላፊና ባለድምፅ
ባሉበት ተራራ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በየማለዳው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሳይሰንፍ የሚያገለግልዎ ያ የተባረከ ጉሮሮዎ እንደምን ከርማችኋል እያልኩ፣ ሰማዩ እርስዎ እንደተናገሩት ሳይሆን እርስዎ እንደሚወዱት እንዲሆንልዎ ልባዊ ምኞቴን አቀርባለሁ። የእኔን ጤና የጠየቁ እንደሆነ፣ በእርስዎው አቆጣጠር ሠላሳ በመቶ ደህና ነኝ።

ስሜ ተረፈ ይባላል። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ደሴ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቼ ለሃያ ሁለት ዓመት የሰው አቤቱታ ስጽፍ የኖርኩ ራፖር ጸሐፊ ነበርኩ፤ ዛሬ ደግሞ ስትሪፕ በሚሉት ጎዳና ላይ ካሉት ካዚኖዎች በአንደኛው የሰው መኪና ፓርክ እያደረግሁ እኖራለሁ። ድንበሩ ለተገፋበት፣ ሚስቱ ለኮበለለችበት፣ ጡረታው ለተቋረጠበት ሁሉ ጽፌአለሁ፤ በራሴ ስም ለራሴ ጉዳይ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ እጄ እዚህም እዚያም ቢሳሳት እርስዎ ስለ ስሕተት ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰው ነዎትና ይቅር እንደሚሉኝ አምናለሁ።

ጉዳዩ የሚመለከተው ወንድይራድን ነው። ወንድይራድ ማለት በገመድ ተንጠልጥሎ ላይ ላይ የሚሄደው ወንበር ሲመጣ ደንበኞችዎን ብብታቸውን ይዞ የሚያስቀምጥልዎ ረጅሙ ሃበሻ ነው፤ እናንተ «ዎንዲ» ትሉታላችሁ አሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ዲቪ ደርሶት ሲመጣ ከኤርፖርት የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ስምንት ወር ሙሉ ሳሎናችን ሶፋ ላይ አድሮአል፤ ባለቤቴ ላቀች ልጅ ስላልወለደች እንደ ልጇ ነው የምታየው፤ እሱም እኔን ጋሼ፣ እሷን እታባ እያለ ነው የኖረው። መኪና አይነዳም። ዘንድሮ እናንተ ዘንድ ሲቀጠር የሚያድረውም እዚያው እላይ፣ በሠራተኛ ማደሪያችሁ ነው።

ፌብሩዋሪ 1፣ እሑድ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ከደሴ ስልክ ተደወለ። የደወለው የወንድይራድ ታላቅ ወንድም ነበር። እናታቸው እማማ ዕንቁ በዚያው ቀን አርፈዋል።

እዚህ ላይ ሥርዓታችንን ባጭሩ ላስረዳዎ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ለልጁ በስልክ አይነገረውም። የሟች ዘመድ ለጎረቤት ወይም ለወዳጅ ይደውላል፤ የተነገረው ሰው ሽማግሌ ይሰበስባል፤ ሽማግሌዎቹ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውዬው ለሥራ ሳይወጣ፣ በሩን አንኳኩተው ይገቡና ቁጭ ብለው ያረዱታል። ይህ የሚሆነው መርዶውን ሲሰማ ከግራም ከቀኝም የሚይዘው ክንድ እንዲኖር፣ ከፊቱም አብሮት የሚያለቅስ ዓይን እንዲኖር ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚያውቅ ሁሉ እንዳላወቀ ሆኖ ይሰነብታል፤ ቢጠየቅ ይክዳል፤ ይህንንም ከእኛ መካከል ማንም ውሸት ብሎት አያውቅም ነበር።

ታዲያ ለምን ወደ ታች አልጠራችሁትም ይሉ ይሆናል። ጽሕፈት ቤታችሁ ወሩ እስኪያልቅ ድረስ ለአንድም ሠራተኛ የዕረፍት ቀን እንደማይሰጥ አስቀድሞ ነግሮታል፤ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ያለ ወትሮው ና ብንለው፣ ልቡ እየጠረጠረ ያን ሁሉ መንገድ ብቻውን ሊወርድ ነው፤ ያ ደግሞ ግማሽ መርዶ ነው። ስለዚህ እኛው እንወጣለን ተባለ። ቡድኑ አራት ሰው ነበር፦ እኔ፣ ላቀች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ወልደማርያም፣ እንዲሁም ሰው ከኤርፖርት ወደ ሆቴል የምታመላልስበት ቫን ያላት ጽጌወይን። አቶ ወልደማርያም ሰባ አራት ዓመታቸው ሲሆን መርዶ በማርዳት የሚስተካከላቸው የለም፤ ሰውን ሲያረዱ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ፣ እጁን ይዘው፣ እንባው እስኪወጣለት ድረስ እጁን አይለቁም። ከአራታችን አንዳችንም ግን ያን ተራራ ረግጠነው አናውቅም፤ ስለ በረዶም የምናውቀው የለንም። የሚያውቅ ሰው ብንጠይቅ ደግሞ ያለው አንድ እርስዎ ነዎት አሉን። አቤት ስንተማመንብዎ!

ቅሬታዎቼም የሚከተሉት ናቸው፤

፩ኛ/ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 3 ቀን በማለዳ ስልክዎን ስደውል፣ በዚያ ሰርግ ቤት በሚመስል የተቀዳ ድምፅዎ የበረዶ ወዳጆችን ሁሉ እንደምን አደራችሁ ካሉ በኋላ፣ ብርቱ ማዕበል እየመጣ ስለሆነ ዛሬ ማንም ሰው ከቤቱ ባይወጣ እንደሚሻል መከሩ። እኛም ታዘዝን። አቶ ወልደማርያም ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው ከሄንደርሰን በልጃቸው መኪና መጥተው ነበር፤ አውልቀው ተመለሱ። ላቀች ሌሊቱን ሙሉ የሠራችውን የለቅሶ ምግብ ሸፍና ወደ ሺፍቷ ሄደች። በምትሠራበት ሆቴል አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አልጋ ስታነጥፍ መጋረጃውን ብትገልጥ ተራራው ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎአል፤ አንዲት ብጣሽ ደመና አልነበረም። በማግስቱ ወንድይራድ ራሱ ሲደውል፣ ማክሰኞ ፀሐዩ አናት ይበሳ ስለነበር ሰዉ ጎርፎ ምሳ እንኳ ሳልበላ ዋልኩ አለኝ። ለዚህ ጥንቃቄዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

፪ኛ/ ሌላ መንገድ አልፈለጋችሁም እንዳይሉኝ፣ ሰው ባነጋግር ብዬ የመሥሪያ ቤታችሁን ቁጥር አሥራ አንድ ጊዜ ደውያለሁ። ለትኬት አንድን፣ ለጫማና ለመንሸራተቻ ኪራይ ሁለትን፣ ሰው ለማነጋገር ዜሮን ይጫኑ ይላል። ዜሮን በተጫንኩ ቁጥር ተመልሼ የምገኘው እርስዎው ዘንድ ነው፤ የበረዶውን ጥልቀት በኢንች ይነግሩኛል። ስለ ጥልቀቱ አመሰግናለሁ።

፫ኛ/ ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 7 ቀን ደግሞ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ፣ በረዶውም የዓመቱ ምርጥ መሆኑን ሲያበሥሩ፣ እኔ ምስኪኑ ስልኩን እንደያዝኩ አፍዎን በዳቦ ብዬ መረቅሁዎ። በረዶ የመጣል ዕድሉ ሠላሳ በመቶ ብቻ ነው ብለውም ጨመሩ። በሃያ ሁለት ዓመት የፍርድ ቤት ደጃፍ ኑሮዬ ሠላሳ በመቶ የመሰከረ ምስክር አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ቢያጋጥመኝ ዳኛው በምን እንደሚያስሩት አላውቅም። ብቻ አምነን ወጣን። ሰመርሊን የሚባለውን ሰፈር እንዳለፍን ፀሐይ ነበር፤ ተራራው ሥር ስንደርስ ሠላሳው በመቶ በሙሉ በእኛ ላይ ይወርድ ጀመር። ኬላው ላይ የቆመው ጠባቂ የጽጌወይንን ቫን ጎማ አየና ቼን ያላሰረ መኪና አያልፍም አለን። ቼን ማለት ለጎማ የሚታሰር ሰንሰለት መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው። እኛ ከበረሃ የመጣን ሰዎች ለጎማ የሚያስፈልገው አየር ብቻ ይመስለን ነበር። የት ይሸጣል ብንል ከተማ አለን። ወደ ከተማ ተመለስን፤ ሁለት ሱቅ አልቆአል ብለው ሦስተኛው ጋር አገኘን፤ ያን ጊዜ ግን ቀኑ ተጋምሶ ወንድይራድ ሥራው ላይ ነው። አቶ ወልደማርያም ሰው መሐል፣ ሥራ ላይ፣ መርዶ አይነገርም ብለው ከለከሉ። በቀጭን የቤተ ክርስቲያን ጫማቸው በረዶ ረግጠው ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ ሲያስላቸው ሰነበተ። ለዚህም አመሰግናለሁ፤ ቼኑን ግን እስካሁን ይዘነዋል።

በነገራችን ላይ ያን ቀን ላቀች የሠራችው ምግብ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ጎረቤት በልቶታል። ሁለተኛውን የሚበላ አጥታ፣ ድስቱን ታቅፋ ከቫኑ ስትወርድ አይቻት፣ ከእጇ ተቀበልኳት።

፬ኛ/ ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ይሁን በእኔ ላይ እስካሁን ለይቼ አላወቅሁትም፤ ሆኖም መዝገቡ ሙሉ እንዲሆን ይጻፍ። ወንድይራድ ረቡዕና እሑድ በሳንቲም ስልክ ይደውልልኛል። ፌብሩዋሪ 4 ቀን፣ «ደሴ ስደውል እናቴን አያቀርቡልኝም፣ ተኝታለች ይሉኛል፣ ምነው ጋሼ፣ ሰላም አይደለችም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ናቸው አልኩት። ፌብሩዋሪ 8 ቀን እንደገና ጠየቀኝ። ለዘመድ ሠርግ ገጠር ወርደዋል፣ ወንድምህ ነግሮኛል አልኩት፤ ሠርጉ የማን እንደሆነ ሲጠይቀኝም አንድ ሙሽራ ፈጠርኩለት። ፌብሩዋሪ 11 ቀን ደግሞ፣ በረዶ ላይ ቆሞ የተነሳውን ፎቶ ለእናቱ በፖስታ ልኮላቸው ኖሮ፣ ደርሶአቸው እንደሆነ ከወንድሙ እንድጠይቅለት አደራ አለኝ። ቢቆጣ እንኳ ይሻለኝ ነበር። እየሳቀ ነው የሚያወራው፤ እንደዚያ ነጭ በነጭ ሆኖ ሲያዩት እናቱ ምን እንደሚሉ እየገመተ ይስቃል። እኔም ዓይኔን ሳላሽ፣ ደርሶአቸዋል፣ አይተውት በጣም ስቀዋል አልኩት።

ይህን ያልኩበትን ምክንያት ፍርድ ቤት ቢጠይቀኝ አሳማኝ መልስ አለኝ። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ሰማዩ ይከፈታል፤ አቶ ወልደማርያም እጁን ይይዙታል፤ እኔም እግሩ ላይ ወድቄ ለምን እንደዋሸሁ እነግረዋለሁ፤ እሱም የሥርዓቱ ልጅ ነውና አብሮኝ ያለቅሳል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ውሸቴ የሁለት ቀን ዕድሜ እንዲኖረው ነበር የታሰበው፤ በእርስዎ ትንበያ አሥራ ሦስት ቀን ኖረ።

፭ኛ/ ፌብሩዋሪ 14 ቀን፣ ቅዳሜ። በዚያች ማለዳ ስልክዎን ስደውል፣ ከባድ የበረዶ ማዕበል እንዳለ፣ መንገዱ ከረፋዱ በፊት ሊዘጋ እንደሚችል፣ ስለዚህም ማንም እንዳይመጣ ሲማጠኑ ሰማሁ። ጉዳዩ ለሽማግሌ ቀረበ። አቶ ወልደማርያም ሳላቸውን ዋጥ አድርገው፣ እስካሁን ባየነው ሁሉ ይህ ሰው ውጡ ሲል መንገዱ ይዘጋል፣ አትውጡ ሲል ደግሞ ፀሐይ ይወጣል፤ ስለዚህ ዛሬ የእኛ ቀን ነው ብለው ወሰኑ። እኔም የውሳኔው አጻጻፍ ስላማረኝ ደገፍኩ። ቼናችንን አሥረን፣ ጥቁራችንን ለብሰን፣ ሦስተኛውን ምግብ ጭነን ወጣን።

ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን እውነትዎን ነበር። በዓይኔ አይቼ የማላውቀው በረዶ ወረደ። ኬላው ተዘግቶ ጠበቀን። በቼን ቢሉ በጸሎት ወፍ የለም፤ ከዚያ እስከ ወንድይራድ ድረስ ሰባት ማይል ይቀራል። ጽጌወይን ሞተሩን አጥፍታ መሪው ላይ ግንባሯን ደፋች። በዚህ መሐል ቢጫ መብራት የሚያበራ የእናንተ መኪና ከላይ ወርዶ ኬላው ጋ ቆመና ጢሙ ላይ በረዶ የጋገረበት አንድ አጭር ሰው ወርዶ፣ ምን ልርዳችሁ አለን። ፊቱን አላወቅሁትም፤ ድምፁን ግን ሰማይ ቤትም ብሰማው አልስተውም፤ እርስዎ ነበሩ።

መቼም ስለዚያ ቀን እርስዎን የምከስበት አንቀጽ አጥቻለሁ። ስለሚያስፈልገን ነገር የነገርኩዎ እኔ ነኝ። ራፖር ጸሐፊ አይደለሁ! ባለሥልጣን ፊት ስቆም ምክንያትን ከጥያቄ በፊት ማስቀደም ልማዴ ነውና፣ ያለችኝን እንግሊዝኛ ሰብስቤ፣ የሠራተኛችሁ እናት መሞታቸውን፣ ልጁ አለማወቁን፣ እኛም ልንነግረው መምጣታችንን በትሕትና አስረዳሁዎ። ይህን የተናገርኩት ኬላው እንዲከፈትልን ነበር። ዓይንዎ እንባ ሲያቀር አይቻለሁ፤ ትከሻዬንም ጨበጥ አደረጉኝ። ከዚያ ከደረትዎ ላይ ሬድዮዎን ሲያነሱ፣ ለመንገዱ ፈቃድ ሊጠይቁልን ነው ብዬ ለአቶ ወልደማርያም በአማርኛ እግዚአብሔር ይመስገን አልኳቸው።

እርስዎ ግን በአገርዎ ደግነት ነገሩን ባጭሩ ጨረሱት። ሠራተኛው ሁሉ በሚሰማው ሬድዮ፣ ወንበሩ ጋ ያለው ዎንዲ እንዲሰማ ጠርተው፣ ሰዎችህ ኬላ ላይ ናቸው፣ እናትህ አርፋለች፣ በጣም አዝናለሁ አሉት። ከሬድዮው ውስጥ ትንሽ ሽሽ የሚል ነገር መጣና ቀጥሎ የወንድይራድ ድምፅ፣ ወንበር ሲቆምና ሲነሳ በሚመልሰው በዚያው በሥራ ድምፁ፣ «ኮፒ» አለ፤ ሰምቻለሁ ማለቱ ነው። ላቀች እዚያው በረዶው ላይ ተቀመጠች።

እርስዎም ሬድዮውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ይህን ተጭነህ ተናገር ብለው በጣትዎ አሳዩኝ። ተጫንኩና ስሙን ብቻ ጠራሁት። ልጄ ልለው ነበር። እሱም ጋሽ ተረፈ፣ መቼ አለኝ። እናቴ እንዴት ሆነች አላለም፤ ምን አገኛት አላለም፤ መቼ ብቻ ነው ያለው። ቀኑን ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ያን ነገር ብጫነው ብለቀው ሽሽ የሚለውን ብቻ ነው የሰማሁት።

በወረቀት ብርጭቆ ትኩስ ቸኮሌት አምጥተው ለአራታችንም ስላደሉን አመሰግናለሁ። አቶ ወልደማርያም ብርጭቆውን ይዘው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልጠጡትም፤ የሚይዙት እጅ ስላጡ ይመስለኛል። እስከ ከሰዓት በኋላ ቆመን ማዕበሉ ባሰበት፤ ጠባቂውም በግድ መለሰን።

እኛ ቤት ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ባለቤቱ በሌለበት ለቅሶ ተቀምጠው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። ሰው ከሥራው፣ ከኦቨርታይሙ እየመጣ፣ በሩ ላይ ጫማውን አራግፎ ይገባና የሚያጽናናውን ሰው በዓይኑ ይፈልጋል፤ ሲያጣው እኔን ያጽናናኛል። እኔም ምን ብዬ እምቢ እላለሁ? እግዚአብሔር ያጥናህ ሲሉኝ አሜን እያልኩ፣ የወንድይራድን ድርሻ መጽናናት ተቀበልኩለት። ሦስተኛው ምግብ ያን ጊዜ ተበላ።

ወንድይራድ በወሩ መጨረሻ ከእናንተ ዘንድ ሲወርድ ወደ እኛ አልመጣም። ኤፔክስ ኢንዱስትሪያል ፓርክ አንድ መጋዘን ውስጥ መቀጠሩን ከሰው ሰማሁና፣ የዕረፍት ቀኔን ጠብቄ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ለምሳ ሲወጣ አገኘሁት። አልተቆጣኝም፤ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፤ የላቀችን የወገብ ሕመም ጠየቀኝ፤ የአቶ ወልደማርያምን ሳል ጠየቀኝ። ሥርዓቱን ሁሉ ነገርኩት፤ ያውቀዋል፤ እሱም በተራው ለስንቱ ሰው እንዲህ እንዳደረገ ነገረኝ። ይቅር ያለኝ መሰለኝና እጁን ልይዝ ስል፣ ፎቶውን አይታ የሳቀችው ታዲያ ማን ናት ብሎ ጠየቀኝ። ሰዓቱ ደርሶ ገባ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም፤ አዲሱን ቁጥሩን የሰጠኝም እሱ አይደለም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ካሳ አልጠይቅም። ትንበያዎን እንዲያሻሽሉም አልጠይቅም፤ እግዚአብሔር ያልገለጠልዎትን ከየት ያመጡታል። የምጠይቅዎ አንድ ምክር ብቻ ነው። እርስዎ ማክሰኞ ማዕበል ነው ብለው ፀሐይ ይወጣል፤ ቅዳሜ ፀሐይ ነው ብለው ማዕበል ይወርዳል፤ በማግስቱ ግን ያው ሕዝብ ስልኩን አንሥቶ ይደውልልዎታል፣ ያምንዎታል፣ መንሸራተቻውን መኪናው አናት ላይ አሥሮ ይነሣል። ስንት ክረምት በዚህ ሥራ ላይ እንደቆዩ አላውቅም፤ አንድም ቀን ስልክዎ መደወሉን እንዳላቋረጠ ግን አውቃለሁ። እኔ ግን በስድሳ አንድ ዓመቴ ለአንድ ልጅ፣ ለደግ ብዬ፣ ሦስት ጊዜ ዋሸሁና አለቀ። ሰው ሲዋሽ ኖሮ በማግስቱ መልሶ የሚታመንበት ዘዴ ካለ፣ ያን ዘዴ በየትኛው ቁጥር ተጭኜ እንደማገኘው እንዲያስታውቁኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ባያስታውቁኝም አልቀየምም፤ እርስዎም የሚያውቁት አይመስለኝም።

ተራራዎ በረዶ አይጣ፤ ወንበሮችዎ ባዶአቸውን አይሂዱ፤ እናትዎ በሕይወት ካሉ ዕድሜያቸውን ያርዝምልዎ፤ ቀናቸው ሲደርስም የሚነግርዎ ሰው ካጠገብዎ አይጥፋ እያልኩ፣ ከፍ ባለ አክብሮትና ዝቅ ባለ ልብ ደብዳቤዬን እዚህ ላይ አበቃለሁ።

የእርስዎ የዘወትር ደዋይ፣
ተረፈ
የቀድሞ ራፖር ጸሐፊ፣ የአሁን መኪና አቋሚ

ግልባጭ፦
ለአቶ ወልደማርያም፣ ከሳል ሽሮፕ ጋር
ለቤተ ክርስቲያናችን ወርሃዊ ጋዜጣ፣ ቦታ ከተገኘ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ በአማርኛ መጻፉ ንቀት እንዳይመስልዎ። በማኅበራችን ውስጥ ረጅም ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ አሳምሮ የሚመልስልን ወንድይራድ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናውን ቅጂ የላክሁት ለእሱ ነው፤ ተርጉሞ ለእርስዎ እንዲያደርስልኝ፣ ካልፈለገ ደግሞ እንዲቀደው ጽፌለታለሁ። ይህን በእንግሊዝኛ እያነበቡ ከሆነ እንግዲህ ወንድይራድ እያንዳንዱን ቃሌን ቁጭ ብሎ አይቶታል ማለት ነውና፣ እባክዎ ከታች በተጻፈው ቁጥር ደውለው ደረሰኝ ይበሉኝ፤ ሌላ ምንም አይጨምሩ፤ ያን አንድ ቃል ካሉኝ የእርስዎን ነገር ዳግመኛ አምናለሁ። (የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ማስታወሻ፦ ይህ ጋዜጣ እስከታተመበት እስከ ኤፕሪል 12 ድረስ ለጸሐፊው ማንም አልደወለም።)